የሞላ ጎተራ፣ የተራበ ልብ

ታኅሣሥ ላይ በምዕራብ ጎጃም ከፍኖተ ሰላም ወጣ ሲባል፣ የጃቢ ጠህናን ገበሬ አውድማውን በእበት ለቅልቆ ጤፉን ሲያበራይ ይገኛል። በሬዎቹ በነዶው ላይ ይዞራሉ፤ መንሽ የያዘው ጎልማሳ ገለባውን ያገላብጣል፤ ነፋስ ሲነሣ ምርቱን ወደ ላይ ይበትነዋል። እብቁ ከነፋሱ ጋር ይሄዳል፣ ፍሬው ይወርዳል። ከፍሬው ጋር ግን አፈርም ይወርዳል። የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ እኩያው የሆነ የአፈር ብናኝ በነፋስም በወንፊትም ተለይቶ አያልቅም። የዚህ አገር አፈር ደግሞ በብዙ ቦታ ቀይ ነው። ቅላቱን የሰጠው ውስጡ ያለው የብረት ኦክሳይድ፣ በተለምዶ ዝገት የምንለው ነው።

እንግዲህ ከደምበጫ እስከ ቡሬ ድረስ ሰው እንጀራ ሲቆርስ ብረትም አብሮ ይቆርሳል ማለት ይቻላል። ይህ ለተመራማሪዎች ስድሳ ዓመት ያለፈው እንቆቅልሽ ነው። ብረት ደም ይሆናል፤ ደም ለልብ ነው። በሌላ በኩል ከሩቅ አገር «በሰውነት የተከማቸ ብረት ሲበዛ ልብን ይጎዳል» የሚል ወሬም መጥቷል። ታዲያ ብረት በገበታው ላይ የማያጣ የጎጃም ሰው ለልቡ ሊሰጋ የሚገባው ከብረት መብዛት ነው ወይስ ከብረት ማነስ? መልሱ ፌሪቲን በሚባል አንድ የደም ምርመራ ቁጥር ውስጥ ያለ ይመስላል። ቁጥሩ ግን ሁልጊዜ እውነቱን አይናገርም።

ብረት የማያጣው ገበታ

እ.ኤ.አ. በ1958 የአሜሪካና የኢትዮጵያ ባለሙያዎች በአገሪቱ ሰፊ የሥነ ምግብ ጥናት አካሄዱ። ከግኝቶቹ አንዱ ማንም ያልጠበቀው ነበር፤ ኢትዮጵያውያን በምግባቸው የሚያገኙት የብረት መጠን በዓለም ላይ ከታዩት ሁሉ ከፍተኛ ከሚባሉት ሆኖ ተገኘ። አዋቂ ወንድ በቀን 8 ሚሊ ግራም፣ የወር አበባ የምታይ ሴት ደግሞ 18 ሚሊ ግራም ያህል ብረት ይበቃቸዋል። ጤፍ አዘውትሮ በሚበላበት ቤት ግን በቀን ከመቶ ሚሊ ግራም በላይ ይለካ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1963 አልምጎርድ የተባለ ስዊድናዊ ተመራማሪ ምክንያቱን በጽሑፉ ርዕስ ላይ ሳይቀር አስፍሮ አወጣው፤ በጤፍና በሌሎች የኢትዮጵያ ሰብሎች ላይ የሚታየው ከፍተኛ ብረት ከመበከል የመጣ ነው አለ። በካዩ አፈሩ ነው፤ አውድማው ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2014፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግብ ተመራማሪ ቃለአብ ባዬ የታተሙ ልኬቶችን ሲሰበስብ ልዩነቱ አሁንም እንዳለ አሳየ። በመቶ ግራም ነጭ ጤፍ ውስጥ ከ9.5 እስከ 37.7 ሚሊ ግራም፣ በቀይ ጤፍ ውስጥ ደግሞ ከ11.6 ጀምሮ ከ150 በላይ የሚደርስ ብረት ተለክቷል። አንድ እህል ራሱ ይህን ያህል አይለያይም። የሚለያየው ከእህሉ ጋር የሚመጣው አፈር ነው።

በአዲስ አበባ የተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል፣ ኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የሆነው፣ ለዚህ ምርምር ማዕከል ነበር። ዛሬ በኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ውስጥ ተጠቃልሏል። ስዊድናዊው ሐኪም ኢንግቨ ሆፍቫንደር በኢትዮጵያውያን ደም ላይ ያደረገውን ምርመራ እ.ኤ.አ. በ1968 በመጽሐፍ መልክ ሲያሳትም ዋና ጉዳዩ ይኸው የበዛ ብረት ነበር። መሐሪ ገብረ መድኅንና ባልደረቦቹም እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያ ነፍሰ ጡሮች ላይ ደም ማነስ ብርቅ መሆኑን ዘገቡ።

ይሁን እንጂ ብረት መብላትና ብረትን ወደ ደም ማስገባት ለየቅል ናቸው። ከአፈር የመጣው ብረት በአብዛኛው በአንጀት አይሟሟም፤ እንደገባ ይወጣል። በጤፍ ውስጥ ያለው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገርም እህሉ የራሱን ብረት እንኳ በቀላሉ እንዳይሰጥ ይይዘዋል። ሊጡ በእርሾ ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ ጨርሶ ግን አይጠፋም።

ለማነጻጸር ደቡብ አፍሪካን እንመልከት። እዚያ በብረት ዕቃ የሚጠመቅ ባህላዊ ቢራ የሚጠጡ ሰዎች ጉበታቸው በብረት ተጎድቶ ይገኝ ነበር፤ የቢራው ጎምዛዛነት ብረቱን ስለሚያሟሟው ሰውነት በቀላሉ ይመጥጠዋል። የጎጃም ጠላ ግን በጋን፣ በሸክላ ነው የሚጠመቀው። ይህን ያህል ብረት ሲበላ የኖረው የኢትዮጵያ ሕዝብ በብረት መብዛት የሚመጣ የጉበት በሽታ በስፋት ያልታየበትም ለዚህ ነው። ብረቱ ገበታው ላይ ነበር፤ ደጃፉን አልፎ የገባው ጥቂቱ ነው።

ጎተራውን መቁጠር

እነ ሆፍቫንደር አንድ መለኪያ አልነበራቸውም፤ እሱም የፌሪቲን ምርመራ ነው። ፌሪቲን ብረትን በሆዱ ይዞ የሚያስቀምጥ ፕሮቲን ነው። አንዱ ፌሪቲን እስከ 4,500 የሚደርስ የብረት አቶም ይይዛል። ቼኩ ሳይንቲስት ቪሌም ላውፍበርገር እ.ኤ.አ. በ1937 ከፈረስ ጣፊያ ለይቶ አውጥቶታል። ከሰው ደም ውስጥ ጥቂቱን ለቅሞ የሚለካ ዘዴ ግን የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1972 በብሪታንያ ነው። ከዚያ በፊት የሰውን የብረት ክምችት በትክክል ለማወቅ መቅኔ ወይም ጉበት መውጋት ያስፈልግ ነበር።

የአዋቂ ሰው አካል ከ3 እስከ 4 ግራም ብረት ይይዛል። ሁለት ሦስተኛው ገደማ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ፣ ሄሞግሎቢን በተባለው ፕሮቲን ውስጥ ሆኖ ኦክስጅን ይሸከማል፤ ቀሪው በአብዛኛው በጉበት፣ በጣፊያና በመቅኔ ይቀመጣል። ይህን ክምችት የገበሬ ጎተራ ብለን እናስበው። ጤነኛ ሰው ላይ በደም ውስጥ የሚገኘው ፌሪቲን የጎተራውን መጠን ይናገራል፤ በሊትር እያንዳንዷ አንድ ማይክሮ ግራም ከ8 እስከ 10 ሚሊ ግራም የተቀመጠ ብረት ማለት ናት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ ጤነኛ አዋቂ ፌሪቲኑ ከ15 በታች ከሆነ ጎተራው ባዶ ነው ይላል። ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ወሰኑ 12 ነው።

ከፊንላንድ የመጣው ጥያቄ

እ.ኤ.አ. በ1981 ጄሮም ሱሊቫን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በታዋቂው ላንሴት መጽሔት ላይ አንድ ሐሳብ ሰነዘረ። ሴቶች የወር አበባ በሚያዩበት ዕድሜ ከወንዶች ይልቅ ከልብ ሕመም የሚጠበቁት ለምንድን ነው? ምናልባት በየወሩ ከደማቸው ጋር ብረት ስለሚያጡ ይሆናል፤ የበዛ ብረት የደም ሥርን ሊያቆስል ይችላል አለ።

ሐሳቡ ለአሥር ዓመት ያህል ወረቀት ላይ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1992 ዩካ ሳሎኔንና ባልደረቦቹ በምሥራቅ ፊንላንድ፣ በኩዎፒዮ አካባቢ የሚኖሩ 1,931 ወንዶችን ተከታትለው ውጤቱን አወጡ። ፌሪቲናቸው 200 ወይም ከዚያ በላይ የሆነው ወንዶች በድንገተኛ የልብ ሕመም የመያዛቸው ዕድል ከሌሎቹ በ2.2 እጥፍ ከፍ ብሎ ተገኘ። ወሬው ዓለምን አዳረሰ፤ ብረት ያለው ቫይታሚን የሚወስድ ወንድ ሁሉ ፈራ።

ቀጥለው የመጡት ጥናቶች ግን ይህን አልደገሙትም። እ.ኤ.አ. በ1999 ዳኔሽና አፕልቢ 12 የክትትል ጥናቶችን አንድ ላይ መዝነው፣ በብረት ክምችትና በልብ የደም ሥር መዘጋት መካከል ጠንካራ ግንኙነት እንዳለ የሚያሳይ በቂ ማስረጃ የለም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች 1,277 የእግር ደም ሥር ሕሙማን የተካተቱበት ሙከራ ተደረገ። ግማሾቹ በየስድስት ወሩ ደም እየተቀዳላቸው ብረታቸው እንዲቀንስ ተደረገ። በሞት ረገድ ግን የረባ ልዩነት አልታየም። ዋግምት ለልብ ጥሩ ነው ብሎ የሚሟገት ካለ ይህን ሙከራ ልብ ይበል።

ይህ ማለት ብረት ልብን ፈጽሞ አይጎዳም ማለት አይደለም። በዘር የሚመጣ የብረት መከማቸት ያለባቸው ሰዎች፣ እንዲሁም በደም ሕመም ምክንያት ዕድሜ ልካቸውን ደም የሚለገሳቸው ሕሙማን፣ ብረቱ በልባቸው ጡንቻ ውስጥ ገብቶ ሊገድላቸው ይችላል። ነገር ግን በዚያ ደረጃ ፌሪቲኑ በሺህ የሚቆጠር ነው።

ከሁሉ በላይ መታየት ያለበት ግን የኩዎፒዮ ወንዶች ጥያቄ የማን ልብ ጥያቄ እንደነበረ ነው። በዚያ ዘመን ምሥራቅ ፊንላንድ በልብ የደም ሥር መዘጋት ከዓለም ቀዳሚ ስፍራ ከነበራቸው አንዷ ነበረች። በአፍሪካ ሁኔታው ሌላ ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ በዘጠኝ የአፍሪካ አገሮች በተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመው ጥናት 1,006 በልብ ድካም ሆስፒታል የገቡ ሰዎች ተመዝግበዋል። አማካይ ዕድሜያቸው 52 ነበር። የ45 ከመቶው መነሻ ደም ግፊት፣ የ14 ከመቶው ደግሞ የሩማቲክ የልብ ሕመም ሲሆን የልብ የደም ሥር መዘጋት 8 ከመቶ እንኳ አልሞላም።

ዳገቱ ሲከብድ

በምዕራብ ጎጃም በየተመላላሽ ክፍሉ የሚሰማው ንግግር ከዚህ ብዙም አይርቅም።

«እማማ፣ ምንዎን ነው የሚያምዎት?»

«ኧረ ልጄ፣ ዳገቱ አልገፋ አለኝ። ድሮ እንስራ ውሃ አዝዬ የምወጣውን አሁን ባዶ እጄን እየወጣሁ ሦስት ጊዜ አርፋለሁ።»

«ሲተኙስ ትራስ ይደርባሉ?»

«ሁለት እደርባለሁ። ጋደም ስል ትንፋሼ ቁርጥ ይላል።»

«እግርዎስ?»

«ማታ ማታ ያብጣል።»

ሐኪሙ የታችኛውን የዓይን ቆብ ገለጥ አድርጎ ቅላቱን ያያል፤ አንገት ላይ ያለውን የደም ሥር ያጤናል፤ የልብ ምቱን ያዳምጣል። ይህ የልብ ድካም ሊሆን ይችላል። ደም ማነስም ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ናቸው፤ አንዱ ሌላውን ያባብሳል።

ደም ሲያንስ ልብ የጎደለውን ኦክስጅን ለማካካስ ቶሎ ቶሎ፣ አብዝታም ትረጫለች። ይህ ለወራት ሲቀጥል ጤነኛ ልብ እንኳ ይደክማል። ከዚህም ሌላ የልብ ጡንቻ ራሱ ብረት ይፈልጋል። በየሕዋሱ ውስጥ ኃይል የሚያመነጩት ማይቶኮንድሪያ ያለ ብረት አይሠሩም። ስለዚህ ሄሞግሎቢኑ ደህና የሆነ የልብ ድካም ሕመምተኛ ጭምር ብረት ስላነሰው ብቻ ጉልበቱ ሊከዳው ይችላል።

በምዕራብ ጎጃም ብረት የሚያልቅበት መንገድ ብዙ ነው። ከዋናዎቹ አንዱ የመንጠቆ ትል ነው። እርጥብ በሆነና ዓይነ ምድር በነካው አፈር ላይ በባዶ እግር የሚሄድን ሰው በእግሩ ቆዳ በኩል ይገባል፤ ኋላ አንጀቱ ላይ ተጣብቆ ደም ይመጥጣል። ኔካቶር የተባለው ዝርያ አንዱ ትል በቀን 0.03 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ያባክናል። ትንሽ ይመስላል፤ መቶ ትል ግን 3 ሚሊ ሊትር ነው፣ በውስጡም ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ግራም ገደማ ብረት አለ። ጤነኛ ወንድ በቀን የሚያጣው ብረት በጠቅላላው 1 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። መቶ ትል የተሸከመ ገበሬ ወጪው ቢያንስ እጥፍ ሆነበት ማለት ነው። በሴቷ ላይ ይህ ሁሉ በወር አበባ፣ በእርግዝናና በወሊድ ላይ ይደረባል። አንኪሎስቶማ የተባለው ዝርያ ደግሞ ከዚህ በብዙ እጥፍ የባሰ ነው።

ወባም አለ። ቀይ የደም ሕዋስን ራሱን ይሰብራል። ከብረት ማለቅ ሌላ ልብን በቀጥታ የሚጎዳው የሩማቲክ የልብ ሕመም ደግሞ ከልጅነት የጉሮሮ ሕመም ይጀምራል። በፔኒሲሊን መታከም የነበረበት የጉሮሮ ቁስለት እንጥል በማስቆረጥ ሲታለፍ፣ ከዓመታት በኋላ የልብ በር ተጎድቶ ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከአገሪቱ ሴቶች 24 ከመቶው፣ ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ደግሞ 57 ከመቶው ደም ማነስ ነበረባቸው። በአማራ ክልል ቁጥሩ ዝቅ ይላል፤ ከሴቶቹ 17፣ ከሕፃናቱ 42 ከመቶ ገደማ። ምናልባት ጤፉ ትንሽም ቢሆን ረድቶ ይሆናል። ከአሥር ሕፃናት አራቱ ደም ማነስ ያለባቸው ክልል ግን ስለ ብረት መብዛት የሚጨነቅበት ጊዜ ገና ነው።

ቁልፉ በጉበት እጅ ነው

ፌሪቲን በእንዲህ ያለ አገር አሳሳች የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ተሕዋስያን ለመራባት ብረት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ሰውነት በወባ፣ በሳንባ ነቀርሳ ወይም በማንኛውም ብግነት ሲያዝ ጉበት ሄፕሲዲን የተባለ ሆርሞን ያመነጫል፤ ሄፕሲዲንም ጎተራውን ይቆልፋል። ከአንጀት አዲስ ብረት አይገባም፤ የተቀመጠውም አይወጣም። ፌሪቲን ራሱም በሕመም ጊዜ ይጨምራል። በዚያ ሰዓት ደም የተቀዳለት ሰው ወረቀቱ ላይ ደህና ቁጥር ያነባል፣ ምናልባትም ከፍ ያለ። ጎተራው ሙሉ ይመስላል፤ ቤቱ ግን ተርቧል።

የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ይህን ስለሚያውቅ፣ ኢንፌክሽን ወይም ብግነት ባለበት ሰው ላይ ወሰኑን ለአዋቂ ወደ 70፣ ለሕፃን ወደ 30 ከፍ ያደርገዋል። የልብ ድካም ራሱ ብግነት ያለበት ሕመም በመሆኑ የልብ ሐኪሞች ከዚህም ርቀው ሄደዋል። ፌሪቲኑ ከ100 በታች ከሆነ፣ ወይም ከ100 እስከ 299 ሆኖ ትራንስፈሪን የተባለው ብረት አመላላሽ የሞላው ከ20 ከመቶ በታች ከሆነ፣ ሕመምተኛው ብረት አንሶታል ይላሉ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ብዙዎች ሁለተኛው መለኪያ፣ የትራንስፈሪኑ፣ ይበልጥ ታማኝ ነው ወደሚለው አዘንብለዋል።

ስለዚህ ያው 120 የሚል ቁጥር ለአንድ ጤነኛ ወጣት የጥሩ ክምችት ምልክት፣ ልቧ ለደከመባት እናት የብረት እጦት ማስረጃ፣ ወባ ለያዘው ልጅ ደግሞ ምንም የማይናገር ሊሆን ይችላል። አረቄ አዘውትሮ የሚጠጣ ሰውም ጉበቱ ስለሚጎዳ ፌሪቲኑ ከፍ ይላል፤ ብረት በዛበት ብሎ ከመደምደም በፊት ስለ መለኪያው ብርጭቆ መጠየቅ ይገባል። በተጨማሪ ሄሞግሎቢን ከባሕር ጠለል ከፍታ ጋር ይጨምራል፤ በመተማ ቆላ ደህና የሚባል ሄሞግሎቢን በቡሬ ከፍታ ላይ ዝቅ ያለ ሊሆን ይችላል።

ኪኒኑ፣ መርፌውና ገበታው

ልቡ የደከመ ሰው ብረት ካነሰው ምን ይደረግ? ቀላሉ መልስ ኪኒን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ በ225 ሕሙማን ላይ የተደረገ ሙከራ ግን በአፍ የሚወሰድ ብረት የእንቅስቃሴ አቅማቸውን እንዳላሻሻለ አሳየ፤ ሄፕሲዲን በሩን ዘግቶታልና። በደም ሥር የሚሰጠው ብረት በሩን አልፎ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ሙከራ በደም ሥር ብረት ከተሰጣቸው ግማሾቹ ደህና መሻሻል እንዳገኙ ሲናገሩ፣ ካልተሰጣቸው ግን እንዲህ ያሉት 28 ከመቶ ነበሩ። ዕድሜን ያራዝማል ወይ የሚለው ግን አልተቋጨም፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ3,000 በላይ ሕሙማንን ያካተተ ሙከራ አስቀድሞ የተቀመጠለትን ጥብቅ መስፈርት አላሟላም። ትንፋሽና ጉልበት መመለሱ ግን ለዳገት አገር ሰው ቀላል ነገር አይደለም።

በደም ሥር የሚሰጠው ብረት ውድ ነው፤ ፌሪቲንም በብዙ የወረዳ ጤና ተቋማት የዕለት ተዕለት ምርመራ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ደግሞ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ወደ ባሕር ዳርም ሆነ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚላከውን ሕመምተኛ ያስቀረዋል። ስለዚህ በእጅ ያለውን አስቀድሞ መጠቀም ግድ ነው።

በእጅ ያለውም ትንሽ አይደለም። ቡሬና አካባቢዋ የታወቁበት በርበሬ ገና ቃሪያ ሳለ በቫይታሚን ሲ የተሞላ ነው፤ ጥሬ ቃሪያ ከሽሮ ወይም ከምስር ጋር ሲበላ ከእህል የሚገኘውን ብረት ሰውነት በተሻለ ሁኔታ እንዲወስድ ይረዳል። ቡናና ሻይ በተቃራኒው ብረቱን ይይዙታል፤ ከምግብ ጋር ከመጠጣት አንድ ሁለት ሰዓት ማቆየት ይጠቅማል። በዓመት ከመቶ ሰማንያ ቀን በላይ ለሚጾም ምእመን ይህ ሁሉ ይበልጥ ያስፈልገዋል፤ በጾም ቀን በቀላሉ የሚወሰደው የሥጋ ብረት ገበታ ላይ የለምና። ነፍሰ ጡር ከጤና ኬላ የሚሰጣትን የብረትና የፎሊክ አሲድ ኪኒን ሳታቋርጥ ልትወስድ ይገባል። ሌላው ሰው ግን «ደም ይሆነኛል» ብሎ ሳይመረመር ከመድኃኒት ቤት ብረት እየገዛ መዋጥ የለበትም። ደም የሚያንስበት ምክንያት የሚደማ ቁስል፣ የኩላሊት ሕመም ወይም ትል ከሆነ ኪኒኑ ምልክቱን ይሸፍናል እንጂ ነገሩን አይነቅለውም።

ፌሪቲን ደግ መለኪያ ነው፤ ነገር ግን ብቻውን ምስክር አይሆንም። ቁጥሩ በእጁ የደረሰው ሰው ሐኪሙን የሚጠይቀው አራት ጥያቄ አለ፦ በዚያን ቀን ኢንፌክሽን ነበረብኝ ወይ? ሄሞግሎቢኔ ስንት ነው? ትራንስፈሪኔ ምን ያህል ሞልቷል? ልቤስ እንዴት ነች? እነዚህ ሳይመለሱ «ብረትህ በዝቷል፣ ደምህን አስቀዳ» የሚልም «ብረትህ ደህና ነው፣ ሂድ» የሚልም ሁለቱም ሊሳሳቱ ይችላሉ።

ለምዕራብ ጎጃም ግን የልብ ሕክምናው ከላቦራቶሪው ብዙ ቀድሞ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2015 በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው የትምህርት ቤት ትል ማስወገጃ ዘመቻ፣ የእግር ጫማ፣ የቤት መፀዳጃ፣ ለልጅ የጉሮሮ ቁስለት በጊዜው የሚሰጥ ፔኒሲሊን፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ላለ ሰው ሁሉ የደም ግፊት ልኬት፣ ዳገት ላቃታት እናት የሄሞግሎቢን ምርመራ፤ እነዚህ ከፌሪቲንም ከመርፌውም እጅግ ይረክሳሉ፣ ብዙ ልብም ያድናሉ። ከዚህ ሁሉ በኋላም ልቧ እየደከመ ለሚቀጥል ሕመምተኛ ነው የፌሪቲን ቁጥር ከትራንስፈሪን ጋር ተጣምሮ መምጣት ያለበት። የጎጃም ሰው ለልቡ ሊሰጋ የሚገባው ገበታው ላይ ስላለው ብረት ብዛት ሳይሆን፣ ያ ብረት ወደ ደሙ ሳይደርስም ሆነ ከደረሰ በኋላ በምን መንገድ እንደሚጠፋ ነው።